ጂሜይል ይቅር ወይስ ይቆይ? ፕሮቶንንና ቱታን ከነፃዎቹ ጋር የመመዘንና ሳጥን የማዛወር ዝርዝር መመሪያ

«ጂሜይል ደብዳቤዬን ያነባል፣ ፕሮቶን አያነብም» የሚባለው ግማሹ ልክ ነው። ጉግል የመልእክት ይዘትን እያየ ማስታወቂያ መምረጡን እንደሚያቆም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሳጥኑን የሚከፍተው ቁልፍ ግን ዛሬም በጉግል እጅ ነው። ኮምፒውተሮቹ አይፈለጌ መልእክት ለመለየትና የበረራ ቀን ለማስታወስ ይዘቱን ያያሉ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመጣም ኩባንያው ደብዳቤዎቹን አውጥቶ መስጠት ይችላል። አውትሉክና ያሁም በዚህ በኩል ያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔቫ ላይ የተጀመረው ፕሮቶንና እስከ 2023 ቱታኖታ ይባል የነበረው የጀርመኑ ቱታ ግን ደብዳቤን የሚመሰጥሩ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አድርገው የሚያስቀምጡ የኢሜይል አገልግሎቶች ናቸው፤ ቁልፉንም ከእርስዎ ፓስወርድ ጋር ያስሩታል። ስለዚህ የተቀመጠውን ደብዳቤ ራሳቸውም መክፈት አይችሉም። ጥቅማቸውም ጣጣቸውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። አብዛኛው ሰው ጂሜይሉን ጥሎ መውጣት አያስፈልገውም፤ ማጽዳትና በደንብ መቆለፍ ግን አለበት። ፕሮቶን ወይም ቱታ ደግሞ ለተመረጡ ጉዳዮች እንደ ሁለተኛ ሳጥን ቢከፈት ይመረጣል። ሙሉ በሙሉ መዛወር ለሚፈልግም መንገዱን ከታች አስቀምጠናል።

መልእክቱ በየት በኩል ያልፋል?

አንድ የሕክምና ውጤት ከጂሜይል ወደ ፕሮቶን ተላከልዎ እንበል። በመንገድ ላይ ተመስጥሮ ይጓዛል፤ ፕሮቶን ሰርቨር ላይ ሲደርስ ግን ለአፍታ ግልጽ ነው። እዚያ በአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያው ካለፈ በኋላ በእርስዎ ቁልፍ ተቆልፎ ይቀመጣል። የላኪው ቅጂ ግን ጂሜይሉ ላይ፣ «የተላኩ» ውስጥ፣ እንዳለ ነው። መልስ ሲጽፉለትም መልሱ ጉግል ዘንድ ያርፋል። መሃል ላይ ማንም ሳይከፍተው ከዳር እስከ ዳር የሚደርሰው ከፕሮቶን ወደ ፕሮቶን ወይም ከቱታ ወደ ቱታ የተላከ ደብዳቤ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ በቀጥታ አይግባቡም፤ ፕሮቶን የሚሠራው ፒጂፒ በተባለው ምስጠራ ሲሆን ቱታ የራሱ አለው። ስለዚህ ወንድም በፕሮቶን፣ እህት በቱታ ከከፈቱ ድካሙ ግማሹ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ቤተሰብ ከተስማማ በአንዱ ይስማማ።

ፕሮቶን ላይ የትኛው ደብዳቤ እንዴት እንደመጣ ለማወቅ ከላኪው ስም አጠገብ ያለችውን የቁልፍ ምልክት ይዩ። ሰማያዊ ከሆነች ከዳር እስከ ዳር የተመሰጠረ ነው። ግራጫ ከሆነች በግልጽ ደርሶ እዚያ የተቆለፈ ነው።

የማይመሰጠርም ነገር አለ። ፕሮቶን ላይ የርእስ መስመሩ በዚህ ምስጠራ ውስጥ አይገባም፤ «የፍቺ ማመልከቻዬ» ብለው ርእስ ላይ ከጻፉ ዋናውን ነገር ተናገሩት። ርእስ ላይ «ስለ ሰኞው ጉዳይ» ይበሉና ዝርዝሩን ውስጥ ያስገቡ። ቱታ ርእሱንም ይመሰጥራል። ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደላከ ግን ሁለቱም ዘንድ ይታወቃል።

የሚደብቁት ከማን ነው?

ከማስታወቂያ ነጋዴ ከሆነ ፕሮቶንም ቱታም ይሻላሉ፤ ማስታወቂያ የላቸውም፣ የሚኖሩት ከሚከፍሉ ደንበኞች ነው።

ከሌባና ከአጭበርባሪ ከሆነ ጂሜይል አይታማም። የሐሰት ሊንክ የሚለይበት ማጣሪያ ጠንካራ ነው። ሰው የሚዘረፈው ጉግል ስላነበበበት አይደለም፤ በሲም ካርዱ ወይም በተደጋገመ ፓስወርዱ በኩል ነው።

ከቅርብ ሰው ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። አገር ቤትም ሆነ በዐረብ አገራት ብዙ ሰው የጂሜይል አካውንቱን ያገኘው ስልክ ሲገዛ ነው፤ የከፈተው ባለሱቁ፣ ደላላው ወይም የአጎት ልጅ ነው። ፓስወርዱን የሚያውቀው እሱ፣ የመልሶ ማግኛ ቁጥሩም የሱ ሆኖ ይገኛል። በዚሁ ስልክ፣ በዚሁ የመክፈቻ ቁጥር ፕሮቶን ቢጭኑበት የሚለወጥ ነገር የለም።

ከመንግሥት ከሆነ የምስጠራ ኢሜይል የሚረዳው በከፊል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሮቶን በስዊስ ባለሥልጣናት ትእዛዝ በፈረንሳይ የሚኖር የአንድ የአየር ንብረት ተሟጋች የአይፒ አድራሻ (ከየትኛው የኢንተርኔት መስመር እንደገባ የሚያሳይ ቁጥር) መዝግቦ ለመስጠት ተገድዷል። የደብዳቤውን ይዘት አልሰጠም፣ ሊከፍተው ስለማይችል። በ2024 ደግሞ በስፔን ጉዳይ የአንድ ተጠቃሚ የመልሶ ማግኛ ኢሜይል ተላልፏል። ስለዚህ የተሰወረው ይዘቱ ነው፣ ማንነትዎ አይደለም። ከዚህ የባሰው የስለላ ሶፍትዌር ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል የሐሰት አዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ እየተላከላቸው ኮምፒውተራቸው ለስለላ እንደተጋለጠ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ማሽኑ ላይ ከገባ የሚያነበው የተፈታውን ጽሑፍ ከስክሪኑ ላይ ስለሆነ ኢሜይሉ ፕሮቶን ሆነ ጂሜይል ለውጥ የለውም።

መጀመሪያ ያለዎትን ጂሜይል ይቆልፉ

ይህን ሳይሠሩ ወደ ሌላ መዛወር ትርፉ ድካም ነው፤ አዲሱን አካውንት ስንቱ ሰው ከአሮጌው ጋር ያያይዘዋልና። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ።

1. በጉግል አካውንትዎ ገጽ «ደህንነት» የሚለውን ይክፈቱና የመልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይል የማን እንደሆኑ ይዩ። የራስዎን ካስገቡ በኋላ የሌላውን ያጥፉ። ጉግል ከለውጡ በኋላም እስከ 7 ቀን ድረስ ማረጋገጫ ቁጥር ወደ አሮጌው ስልክ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያንስ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ይጨርስ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

2. ፓስወርዱን ይለውጡ። ጂሜይል የግዕዝ ፊደል በፓስወርድ አይቀበልም። አራት ወይም አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ግን ጥሩ ፓስወርድ ይወጣዋል፤ ለእርስዎ ለማስታወስ ቀላል፣ ለሌባ ለመገመት ከባድ ነው። ተረት፣ የመዝሙር ስንኝና የልጅ ስም አይሁኑ። ቃላቱን በላቲን ሲጽፉ የመረጡትን አጻጻፍ ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ «ጨ»ን አንድ ቀን በሁለት፣ አንድ ቀን በሦስት ፊደል የሚጽፍ ሰው በገዛ ፓስወርዱ ይቆለፍበታል።

3. የመሣሪያዎችን ዝርዝር ይክፈቱና የማያውቁትን ስልክ ሁሉ ያስወጡ። ከፓስወርዱ በፊት ይህን ከሠሩ የተባረረው ሰው በአሮጌው ፓስወርድ ተመልሶ ይገባል።

4. የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን፣ ያብሩ፤ በኤስኤምኤስ ሳይሆን ኮዱን ስልክዎ ላይ በሚያወጣ ማረጋገጫ አፕ። የሲም ካርድ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ዱባይ ወይም ቤይሩት የገባ ሰው የአገር ቤቱ ሲም ኔትወርክ ካላገኘ ኮዱ አይደርሰውም። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ ኮዱ የሚደርሰው ለማያውቁት ሰው ነው። አፑ ኮዱን የሚያወጣው ያለ ኢንተርኔትና ያለ ሲም ነው። ከዚያም 10ሩን መጠባበቂያ ኮዶች ያውጡ። እያንዳንዱ ባለ 8 አኃዝ ነው፣ አንዴ ብቻ ይሠራል። በእጅ ይጻፏቸው። ስክሪን ሾት አንስቶ ጉግል ፎቶ ላይ ማስቀመጥ ቁልፉን ከተቆለፈው ቤት ውስጥ መተው ነው።

5. ጂሜይልን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ብራውዘር በዴስክቶፕ ገጽታ ከፍተው ወደ ሁሉም ሴቲንግ ይግቡ። ደብዳቤ ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፈውን ክፍል፣ ማጣሪያዎቹን፣ በአካውንቶች ሥር ደግሞ ለሌላ ሰው የተሰጠ ፈቃድ መኖሩን ይመርምሩ። የስልኩ አፕ ይህን አያሳይም። ፓስወርድ ተለውጦ፣ ሁሉም መሣሪያ ተባርሮም ቢሆን ደብዳቤው እየተቀዳ ለሌላ ሰው የሚሄደው በዚህች በር ነው።

6. እዚያው «ጀኔራል» በሚለው ሥር ብልህ ባሕርያት (ስማርት ፊቸርስ) የሚባሉትን ማጥፋት ይችላሉ። ጉግል በይዘቱ የሚሠራውን ይቀንሳል። ዋጋው ግን አለ፤ ማስታወቂያና ማኅበራዊ መልእክት የሚለዩት ክፍሎች ይጠፉና ሁሉም አንድ ላይ ይዘረገፋል። የውጭ ምስሎችን ከማሳየት በፊት እንዲጠይቅ ማድረግም እዚያው ነው፤ ደብዳቤውን መክፈትዎን ለላኪው የሚነግረው የተደበቀ ምስል በዚህ ይታገዳል።

በነፃ ምን ያህል ያገኛሉ?

ጂሜይል 15 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ግን ከጉግል ፎቶና ከድራይቭ ጋር የሚጋራ ነው። ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚጫን ፎቶ ሁሉ ከዚህ ላይ ይቆጠራል። ሲሞላ አዲስ ደብዳቤ መግባት ያቆማል፤ የስኮላርሺፕ መልስ የሚጠብቅ ሰው በሠርግ ቪዲዮ ምክንያት መልሱ ሊያመልጠው ይችላል። አውትሉክ ለደብዳቤ ብቻ 15 ጊጋባይት አለው። የፕሮቶን ነፃ ሳጥን በ500 ሜጋባይት ይጀምርና የማዋቀሪያ ደረጃዎቹን ሲጨርሱ 1 ጊጋባይት ይሆናል፤ በቀን እስከ 150 መልእክት ይልካል። ቱታም 1 ጊጋባይት ነው። ለግል ደብዳቤ ይህ ብዙ ዓመት ይበቃል፤ ስካን የተደረጉ ሰነዶች ለሚቀባበል ሰው ግን አይበቃም።

የሚከፈልባቸው በወር ከ3 እስከ 5 ዩሮ አካባቢ ናቸው። በብር ካርድ መክፈል ለማይችል ሰው ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልለት ይባላል። እኛ አንመክርም። የዘመድ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ፣ ከነፃው ወሰን በላይ የያዘው ሳጥን ደብዳቤ መቀበል ያቆማል፤ ያውም ባልታሰበ ቀን።

ከቦታው ይልቅ የሚያሳስበው የመዝጊያ ጊዜው ነው። ጉግል ሁለት ዓመት ያልተገባበትን አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። ያሁና የፕሮቶን ነፃ አካውንት 12 ወር ነው። ቱታ 6 ወር ብቻ ይሰጣል። በቤት ሠራተኛነት ተቀጥራ ስልኳ በአሠሪዋ እጅ ሊቆይ ለሚችል እህት የቱታ ነፃ ሳጥን የፓስፖርት ቅጂ ማስቀመጫ መሆን የለበትም።

ሁለተኛውን ሳጥን መክፈት

አፑን ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ይጫኑ፤ በቴሌግራም የተላከልዎትን ፋይል አይጫኑ። አድራሻ ሲመርጡ በስልክ የሚነገር መሆኑን ያስቡ፤ ነጥብና ሰረዝ የበዛበት፣ አንድንና ኤልን የሚያቀላቅል አድራሻ ኋላ ያስለቅሳል። ሚስጥራዊ እንዲሆን ከፈለጉ ሙሉ ስምና የትውልድ ዓመት አያስገቡበት።

አሁን ዋናው ነገር። ፕሮቶን ውስጥ በሴቲንግ ሥር «ሪከቨሪ» የሚለውን ይክፈቱና ባለ 12 ቃሉን የመልሶ ማግኛ ሐረግ ያውጡ። በጂሜይል የለመደ ሰው «ፓስወርድ ከጠፋብኝ በኤስኤምኤስ አስመልሳለሁ» ይላል። ፕሮቶን ላይም በስልክ ወይም በኢሜይል ፓስወርድ መቀየር ይቻላል፤ አካውንቱ ይመለሳል፣ የቀድሞ ደብዳቤዎች ግን እንደተቆለፉ ይቀራሉ። የሚከፍታቸው 12ቱ ቃላት ወይም አስቀድሞ የወረደ የመልሶ ማግኛ ፋይል ነው። ቃላቱን በቁጥር እያስከተሉ በሁለት ወረቀት ይጻፉ፤ አንዱ ከእርስዎ፣ ሌላው ከሚያምኑት ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

ቱታ ከዚህም የጠበቀ ነው። ሲመዘገቡ 64 ምልክት ያለው ኮድ ይሰጥዎታል፤ ፓስወርዱ ከጠፋ የሚያድነው እሱ ብቻ ነው፣ በስልክ ወይም በሌላ ኢሜይል ማስመለስ የሚባል የለም። ኮዱን አራት አራት አድርገው ሲጽፉ 16 ምድብ ይወጣል፤ 15 ወይም 17 ከሆነ ስተዋል። በውስጡ ያሉት ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉ አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደላት ብቻ ናቸው። የእጅ ጽሑፍዎን ሲያነቡ ኦ የሚመስል ካጋጠመዎት ዜሮ ነው፤ ኤል የሚመስለው አንድ ነው። አዲስ የቱታ አካውንት እስኪፈቀድ ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ለዛሬ ቀጠሮ አይክፈቱት።

ከዚያ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ፤ በነፃውም አለ። ፕሮቶን ለዚህ የሚሰጠው መጠባበቂያ ኮድ ከ12ቱ ቃላት የተለየ ነው። ብዙዎች አንዱን ይዘው ሌላውን እንደያዙ ይቆጥራሉ። ወረቀቱ ላይ የትኛው የምን እንደሆነ ይጻፉ።

የስልኩን ማሳወቂያም ይመልከቱ። ላኪውና ርእሱ በተቆለፈው ስክሪን ላይ የሚነበቡ ከሆነ ምስጠራው ከጎንዎ ከተቀመጠው ሰው አላዳነዎትም። ከስልኩ ሴቲንግ ይዘቱ እንዳይታይ ያድርጉ።

ማዛወር

ሁሉንም ለማምጣት አይሞክሩ፤ 15 ጊጋባይት 1 ጊጋባይት ውስጥ አይገባም። የድሮውን ሁሉ ጉግል ቴክአውት በተባለው የጉግል የመረጃ ማውረጃ ገጽ ወደ ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ያውርዱ። ኤምቦክስ በተባለ ፋይል ይመጣል፣ ተንደርበርድ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይከፈታል። የማውረጃው ሊንክ በሳምንት ገደማ ስለሚያልፍበት ጥሩ ኔትወርክ ባለበት ቀን ያዙት። ወደ ፕሮቶን የሚገባውን ጥቂቱን «ኢዚ ስዊች» በተባለው የፕሮቶን ማዛወሪያ ያስገቡ፤ የጊዜ ገደብና የሌብል (ደብዳቤ የሚመደብበት መለያ) ምርጫ አለው። በጂሜይል አስቀድመው «ይዛወር» የሚል ሌብል ፈጥረው የሚፈልጓቸውን እሱ ሥር ቢሰበስቡ ሥራው ይቀላል።

ለሽግግሩ ጊዜ ጂሜይል አዲስ ደብዳቤን ወደ ፕሮቶን እንዲያስተላልፍ ማድረግ ይቻላል። በማስተላለፊያው ክፍል አዲሱን አድራሻ ያስገቡ፣ ወደ አዲሱ ሳጥን የመጣውን ማረጋገጫ ይቀበሉ፣ ተመልሰው ማስተላለፉን ያብሩ። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ይረሳና «አልሠራም» ይላል። አይፈለጌ የተባለው ግን አይተላለፍም፤ በሳምንት አንዴ ጂሜይል ላይ ገብተው ያንን ሳጥን ይዩ። ደግሞም የሚተላለፈው ሁሉ በጉግል በኩል ያለፈ ነው፤ መሸጋገሪያ እንጂ መደበቂያ አይደለም።

አድራሻዎን በየድርጅቱ ሲቀይሩ አንድ ደንብ ይያዙ፤ የተጀመረ ጉዳይ ሳያልቅ አድራሻው አይነካም። የቪዛ ቀጠሮ፣ የስደት ማመልከቻ፣ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ በተጀመረበት ኢሜይል ይጨረስ። አንዳንድ ድረ ገጾች የፕሮቶን ወይም የቱታ አድራሻ ሲገባባቸው አይቀበሉም፤ ለእነሱ ጂሜይሉ ይቆይ።

ፍለጋም እንደ ጂሜይል አይጠብቁ። ሰርቨሩ ይዘቱን ስለማያይ ፕሮቶን በልማድ የሚፈልገው በላኪና በርእስ ነው። በብራውዘር የይዘት ፍለጋን ሲያበሩ ደብዳቤዎቹን ወደ መሣሪያዎ አውርዶ ማውጫ ይሠራል፤ ዳታ ይበላል፣ በሌላ ኮምፒውተር ሲገቡም እንደገና ይጀምራል። በአማርኛ ሲፈልጉ «ሰነድ» ካልመጣ «ሠነድ»ንም ይሞክሩ፤ ላኪው በየትኛው እንደጻፈው አይታወቅም።

ጂሜይል ላለው ሰው ሚስጥር መላክ

ፕሮቶን ላይ ሲጽፉ የቁልፏን ምልክት ይጫኑና ለመልእክቱ ፓስወርድ ይስጡ። ተቀባዩ የሚደርሰው ሊንክ ብቻ ነው፤ ከፍቶ ፓስወርዱን ሲያስገባ ያነባል፣ እዚያው ላይ መልስ ይጽፋል። ካልቀየሩት በ28 ቀን ውስጥ ይጠፋል፤ ሰነዱ የሚያስፈልገው ከሆነ ቀድሞ ያውርደው። ቱታም ተመሳሳይ አለው። ፓስወርዱን በሌላ ኢሜይል አይላኩ፣ ደውለው ይንገሩ። መደወሉ ሌላም ጥቅም አለው። እንዲህ ያለ ሊንክ የአጭበርባሪ ስለሚመስል ጠንቃቃ ሰው ሳይከፍት ይሰርዘዋል፤ «አባባ፣ ከእኔ የሚመጣ ሊንክ አለ፣ ቁልፉ ይህ ነው» ብለው አስቀድመው ይንገሯቸው። የጂሜይል «ኮንፊደንሻል ሞድ» ይህን አይተካም። ማስተላለፍና ማተም ይከለክላል እንጂ ከጉግል አይሰውርም፤ በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳትንም የሚያግደው ነገር የለም።

ሁሉም ከተዛወረ በኋላም ጂሜይሉን አይሰርዙ። የአንድሮይድ ስልክ ፕሌይ ስቶር የሚሠራው በጉግል አካውንት ነው። ስልኩ ሲነሳ በቁልፎች ከሚከፈተው ሪከቨሪ ሜኑ ተጠርጎ እንደ አዲስ ሲነሳ ደግሞ ቀድሞ የነበረበትን አካውንት ይጠይቃል፤ አካውንቱ ከተሰረዘ ስልኩ ተቆልፎ ይቀራል። መሰረዝ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ከስልኩ ሴቲንግ አካውንቱን ያስወግዱ፣ ሌላ አካውንት ያስገቡ፣ ፕሌይ ስቶር መሥራቱን ይዩ፤ መሰረዙ ከዚያ በኋላ ይሁን።